በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያሉ የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣቶችን እንዴት መለየትና ማስወገድ ይቻላል?

ኩልል ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር (አንድ ናኖ ሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) የሚደርስ የብር፣ የመዳብ ወይም የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። ምንጩ ብዙ ነው፦ ቀለም፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ሽታ እንዳይዝ ብር የተቀባ ጨርቅ፣ የዛገ ቧንቧ። ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ጎን ለጎን በሚገኙበት እንደ አቃቂ ቃሊቲ ባለ የአዲስ አበባ ዳርቻ የጋራ ጉድጓድ የሚያስተዳድር የውሃ ኮሚቴ በዚህ ጉዳይ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ማጣሪያ ሻጭ ከመጥራቱ በፊት ግን ናሙና ይውሰድ።

ናሙና አወሳሰድ

በአሲድ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ የተለቀለቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከቤተ ሙከራው ጠይቁ፤ የለስላሳ ጠርሙስ አይሆንም። ከጉድጓዱ አፍ፣ ከሮቶውና ከቤት ቧንቧ ለየብቻ ቅዱ። ብረቱ በቤት ቧንቧ ብቻ ከተገኘ ጥፋቱ የመስመሩ እንጂ የጉድጓዱ አይደለም።

ከየቦታው ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል። በአንደኛው ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ይወርዳል፤ አጠቃላይ ብረቱ የሚለካው ከዚህ ነው። ሁለተኛውን የአሲድ ጠብታ እንዳይነካው፤ አሲድ ቅንጣቶቹን ያሟሟቸዋልና የምትፈልጉት ነገር ቤተ ሙከራ ሳይደርስ ይጠፋል። ከብርሃን ከልላችሁ፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አቀዝቅዛችሁ በዚያው ቀን አድርሱት።

ቤተ ሙከራውን ምን እንጠይቅ?

በተለመደው አሠራር ውሃው በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ያልፍና ያለፈው ሁሉ «የሟሟ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ቀዳዳ 450 ናኖ ሜትር ስለሆነ ናኖ ቅንጣት በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ያለፈው ውሃ እንደገና በአልትራፊልትሬሽን፣ ማለትም ቀዳዳው እጅግ በጠበበ ማጣሪያ፣ እንዲጣራ ጠይቁ፤ በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ቅንጣት ነው። ከዚህ የሚሻለው ቅንጣቶችን አንድ በአንድ የሚለካ ማስ ስፔክትሮሜትር (አቶሞችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ) ነው፦ እያንዳንዱ ቅንጣት በመሣሪያው ፕላዝማ፣ ማለትም እጅግ በጋለ ጋዝ፣ ሲተን አንድ ምልክት ይሰጣል፤ የምልክቶቹ ብዛት ቁጥሩን፣ ቁመታቸው ክብደቱን ይናገራል። መሣሪያው ውድ ስለሆነ አስቀድማችሁ አጠቃላይ ብረቱን አስለኩ፤ ያ ኢምንት ከሆነ ቅንጣት ማስቆጠር ገንዘብ ማባከን ነው። ለመዳብ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው።

የሌዘር መብራት በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሳልፎ ጨረሩን ማየት ብዙዎች የሚወዱት ዘዴ ነው። ደቃቅ አፈርም ጨረሩን ያሳያልና ስለ ብረት ምንም አይነግራችሁም።

ማርጋትና ማጣራት

አብዛኞቹ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህም አይዘቅጡም። አልሙኒየም ሰልፌት ይህን ቻርጅ ይሰብርና ያያይዛቸዋል። መጠኑን ለማወቅ 10 ግራም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። አንድ አንድ ሊትር የጉድጓድ ውሃ በያዙ አምስት ማሰሮዎች ከብጥብጡ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ 15 ደቂቃ በዝግታ አማስሉ፣ 30 ደቂቃ አሳርፉ። ጥጥ የመሰለ ጓል ሠርቶ ከዘቀጠላችሁ ማሰሮ ሁሉ ትንሹን መጠን ምረጡ። ማብዛት ቅንጣቶቹን በተቃራኒ ቻርጅ መልሶ ይበትናቸዋል፤ አልሙኒየሙም በውሃው ይቀራል። ፒኤቹ ከ6 እስከ 7.5 ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ጎርፍ የሚያመጣው የበሰበሰ ዕፀዋት ቅንጣቶቹን ሸፍኖ እንዳይያያዙ ስለሚያደርግ ሙከራውን ያን ጊዜ ድገሙት።

የጠለለው ውሃ በአሸዋ ማጣሪያ፣ አቅም ካለ በአልትራፊልትሬሽን ሜምብሬን ይለፍ። የሟሟ ብረት ግን ሁለቱንም ያልፋል፤ ለእርሱ ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሟውን የሚያስቀር) ወይም አዮን መለዋወጫ (የሟሟውን ብረት ይዞ በምትኩ ሌላ አዮን የሚለቅ) ያስፈልጋል። ማፍላትና ክሎሪን ጀርም ይገድላሉ እንጂ ብረት አያወጡም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ብረት ይወፍራል። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ በዚያው የሁለት ጠርሙስ ሥርዓት እንደገና አስለኩ፤ የውሃው መጥራት ማስረጃ አይሆንም።

የወጣው ብረት ያለው በዝቃጩ ውስጥ ነው። የአቃቂ ወንዝ ውሃ አትክልት ይጠጣበታልና ዝቃጩ ወደ ወንዙም ሆነ ወደ ጎመን መደብ አይደፋ፤ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ገንዳ አድርቃችሁ፣ በጆንያ አስራችሁ ከቤት ቆሻሻ ለይታችሁ አስረክቡ።