የጎንደርን ግንብ ስናስጎበኝ ልንተዋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጃን ተከል ዋርካ ሥር ቆሞ እንግዳ የሚጠብቅ ወጣት አስጎብኚ አብዛኛውን ታሪክ የያዘው ከእሱ ከቀደሙት አስጎብኚዎች አፍ ነው። እኔም እንዲያው ነው የጀመርኩት። ስለዚህ ከዚህ በታች ከማነሳቸው ስህተቶች ብዙዎቹን ራሴ ተናግሬያቸዋለሁ፤ ዛሬ ከሌላ ሰው ስሰማቸው ያመኛል።

ከሁሉ የሚከፋው «ግንቡን የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው» የሚለው ነው። አፄ ፋሲል የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1632 አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ሲለቁላቸው ነው። ወዲያው የተዋሕዶን ሃይማኖት መለሱ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ከፖርቹጋሎች ጋር የመጡትን ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከሀገር አስወጡ። ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ይህንኑ የፖርቹጋል ታሪክ ለእንግዶች ስተርክ አንድ አዛውንት ከኋላ ቆመው ይሰሙኝ ነበር። እንግዶቹ ሲበተኑ ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ ድንጋዩን ማን ፈለጠው? ኖራውንስ ማን አቃጠለው? ማንስ ተሸከመው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የውጭ እጅ ጨርሶ የለበትም ማለቴ አይደለም። ዩኔስኮ ራሱ በግንቦቹ ላይ የህንድና የዐረብ አሠራር፣ እንዲሁም ኢየሱሳውያን ያመጡት ባሮክ የተባለው የአውሮፓ ስልት እንደሚታይ ጽፏል። ከሰው መማርና በሰው መሠራት ግን ለየቅል ናቸው። እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ከፋሲል በፊት የነገሡ ናቸው። አስጎብኚው ጉዛራን ሳያነሳ ስለ ጎንደር ቢናገር ግንቡ ከሰማይ ዱብ ያለ ያስመስለዋል።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። በታላቋ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ላይ ቅኝ ገዢዎች «ይህን አፍሪካዊ አልሠራውም» እያሉ ለፊንቄያውያንና ለንግሥተ ሳባ ሲሰጡት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1905 ራንዳል ማክአይቨር፣ በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ኬተን ቶምፕሰን የተባለችው አርኪዮሎጂስት ቆፍረው የአፍሪካውያን ሥራ መሆኑን አሳዩ። የአገሩ ሰዎች ነፃ ሲወጡ አገራቸውን በዚያ ድንጋይ ስም ጠሩት። በጊዛም ፒራሚዶቹ አጠገብ የሠራተኞቹ መቃብር እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሲቆፈር የግንበኞቹ አፅም ተገኝቷል። እዚያ ሰዎቹ በመቃብራቸው መሰከሩ፤ የእኛን ግንበኞች ግን እኛው በአፋችን እየሰረዝናቸው ነው።

«የአፍሪካ ካሜሎት» የሚለውም ቅጽል ይቅርብን። ካሜሎት የንጉሥ አርተር ተረት ከተማ ናት፤ ማንም አግኝቷት አያውቅም። በእጅ የሚዳሰስ ድንጋይ ያላትን ከተማ በሌለች ከተማ ስም መጥራት ለእንግዳው ይቀለዋል ብለን የያዝነው ልማድ ነው። ማነጻጸር ካስፈለገ እውነተኛ ንጽጽር አለ። ታጅ ማሃል ሥራው የተጀመረው ፋሲል በነገሡበት እ.ኤ.አ. በ1632 አካባቢ ነው፤ ሉዊ 14ኛ ቬርሳይን ማስፋፋት የጀመሩት ደግሞ ከፋሲል ግንብ በኋላ ነው። ይህን ስነግራቸው እንግዶቼ ቀና ብለው ማማውን እንደገና ያዩታል።

ሦስተኛው፣ ግቢውን ሁሉ «የፋሲል ግንብ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ነው። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጥር የከበበው የብዙ ነገሥታትን ሥራ ነው፤ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዘፈን ቤት፣ የበካፋ አዳራሽ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ። አንድ ንጉሥ ሲሞት ተከታዩ የአባቱን ቤት አላፈረሰም፤ ጎኑ የራሱን አቆመ። በሮቹንም ዝም ብሎ «12 በር አለው» ብሎ ማለፍ ያሳዝናል። እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እልፍኝ በር፣ ተዝካሮ በር፦ ስሞቹን ብቻ በዝግታ ቢጠሩ እምቢልታ ነፊው፣ ፈረሱ፣ ጓዳውና ሐዘኑ አብረው ይመጣሉ።

ዓመተ ምሕረት ላይ አጭር ነገር ልበል። ጎንደር ለተቆረቆረችበት ዘመን 1628 እና 1636 ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ስህተቱ ያለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መጥራቱ ነው፤ እንግዳው መጽሐፉን ገልጦ «ይህ ልጅ አያውቅም» ይላል።

ሌላው፣ የሚታየው ሁሉ እንደተሠራ የቆየ ነው ብሎ ማስመሰል ነው። የኢያሱን ግንብ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በ1941 ደግሞ የጣሊያን ጦር ጎንደር በመሸገበት ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ግቢውን አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ1888 ከሱዳን የመጣው ድርቡሽ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላሉ አባቶች። እኔ ይህን «አባቶች እንደሚሉት» ብዬ ነው የምናገረው፤ ታሪኩን አያሳንሰውም።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ግንቦቹን በሲሚንቶና በብረት ጠግነዋቸው ነበር። ኋላ የአገራችን ባለሙያዎች አብዛኛውን አንስተው በኖራ ተኩ። ጠንካራው ሲሚንቶ ለአሮጌ ድንጋይ አይመቸውም፤ ኖራ ግን እርጥበትን ያስተነፍሳል። አቴንስ ላይም ባላኖስ የተባለ መሐንዲስ ፓርቴኖንን በብረት ማያያዣ ጠገነው፤ ብረቱ ዝጎ ሲያብጥ እብነበረዱን ሰነጠቀው፤ ዛሬ በቲታኒየም እየተተካ ነው። ስለዚህ «ይህ ቦታ ለምን አዲስ ይመስላል?» ሲባሉ አይሸሹ፤ የጥገናውን ታሪክ ይንገሩ፤ እንግዳው ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳውን በቅርበት የሚያየው።

የመጨረሻው ፋሲል መዋኛ ነው። በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ባዶ ገንዳ አሳይቶ የሚመለስ አስጎብኚ አለ። ውኃው ከቀሃ ወንዝ ተስቦ ለጥምቀት ይሞላል። የዋርካው ሥር ግድግዳውን አቅፎ ይዞታል፤ ፎቶ ለማንሳት ሥሩ ላይ የሚወጡትን፣ ድንጋዩ ላይ ስም የሚጭሩትንም በትሕትና ያውርዷቸው። ማየት የሚፈልግ እንግዳ ካለም ጥር 10 ቀን ከሰዓት ታቦታቱ ሲወርዱ ይድረስ፤ በማግስቱ ንጋት ላይ ከዳር ቆሞ ይጠብቅ፤ ውኃው ሲባረክ ወጣቶቹ ከግድግዳው ላይ ሲዘሉ ያያል።