ልጅ ማዕድ ቀርቦ አልበላም ሲል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር መሶብ ከቦ ተቀምጦ እንጀራውን ብቻ እየቆነጠረ ወጡን ሲሸሽ፣ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የልጁን አመል ይወቅሳል። መንስኤው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ባሉት ሰዓታት ስለሆነ ፍተሻውን ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ምንም አይቀምስም

ልጁ ከጠዋት ጀምሮ የወሰደውን ይቁጠሩ። ረፋዱ ላይ ወተት፣ ቀጥሎ ብስኩት፣ ከዚያም ጭማቂ ከተሰጠው በምሳ ሰዓት የሚራብበት ምክንያት የለም። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በቀን እስከ ግማሽ ሊትር ወተት ይበቃዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ የምግብ ፍላጎቱን ከመዝጋቱም በላይ ለብረት እጥረት ያጋልጠዋል። ሻይም በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት በሚገባ እንዳይገባ ስለሚያደርግ ለሕፃን ባይሰጥ ይመረጣል። በመክሰስና በምሳ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል ክፍተት ይኑር፤ በዚህ መሃል ከጠማው ውሃ ይጠጣ።

የለመደውን እንጂ ሌላ አይነካም

አዲስ ምግብን መፍራት ከሁለት ዓመት ገደማ ጀምሮ ጎልቶ የሚታይ የተለመደ ጠባይ ነው። ሕፃን አንድን ምግብ እስኪቀበል ድረስ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እኛ ግን በሦስተኛው ቀን «ጎመን አይወድም» ብለን እንደመድማለን፣ ያውም እሱ እየሰማ። ከሚወደው ሽሮ ጎን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ በደንብ የበሰለችና የደቀቀች ጎመን በእሱ በኩል ያስቀምጡለት። ቢያሸታት፣ በጣቱ ቢጨፈልቃት ወይም አፉ አድርሶ ቢተፋት ሳይቆጡ ይለፉት፤ እርስዎ ከዚያው ጎመን እየበሉ ይቆዩ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም እንደገና ያቅርቡለት።

እዚህ ላይ ስለ ጉርሻ ማንሳት ግድ ይላል። አያት «በሞቴ» ብለው ሲያጎርሱ ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን አፉን ገጥሞ ፊቱን ያዞረ ልጅ መጥገቡን እየተናገረ ስለሆነ፣ በግድ የገባችው ጉርሻ ያችን ምግብ ይበልጥ ታስጠላዋለች። «ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ አለልህ» ማለትም ከረሜላውን ያስወድዳል እንጂ ጎመኑን አያስለምድም።

ወጡን ቀምሶ ያለቅሳል

በርበሬው አቃጥሎት ነው። የበሰለው ምስር ቁሌቱ ላይ ከመጨመሩ በፊት የልጁን ድርሻ በጭልፋ ቀንሶ በሽንኩርት፣ በዘይትና በእርድ ለብቻው አልጫ ማድረግ ይቻላል። እምቢ ባለ ቁጥር ፓስታ መቀቀል ግን እምቢታን ማስተማር ነው፤ ይልቅስ የሚወደው አንድ ነገር ከማዕዱ እንዳይጠፋ ማድረግ ይበጃል።

ክብደቱ ከቀነሰ፣ ሲውጥ በተደጋጋሚ ካነቀው ወይም አፈር መብላት ከጀመረ ግን ጉዳዩ የማዕድ ጉዳይ ስላልሆነ ለሐኪም ይታይ።