ለጅማ ጓሮ ሦስት ዓይነት ቲማቲም

ቆጪ በሚባለው የጅማ ሰፈር ያለው ግቢያችን ከቤቱ ጀርባ ስድስት ሜትር በአራት የምትሆን ጓሮ አለችው። በአንድ ወገን የእንሰት ረድፍ፣ በሌላው ወገን የጎረቤቴ አቮካዶ ይከልላታል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግን ፀሐይ አያጣትም። ቲማቲም የጀመርኩባት ምሳ ቤት በነበረኝ ጊዜ ነው። ከሄርማታ መርካቶ በሣጥን የምገዛው ቲማቲም አንዳንዴ ውሃው በዝቶ ስልሱ አልከብድ ይለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ለሰላጣ ስቆርጠው ደረቅ ይሆንብኛል። አንድ ዓይነት ቲማቲም ለሁሉም ወጥ እንደማይሆን የገባኝ ድስቱ ላይ ቆሜ ነው። ጓሮው ሌላ ምክንያት ጨመረልኝ፤ ሦስት ዓይነት የተከለ ሰው በሽታ ቢገባበት እንኳ ባዶ እጁን አይቀርም።

ጅማ ላይ ቲማቲም ልትተክሉ ካሰባችሁ ከዘሩ በፊት ዝናቡን ቁጠሩ። እዚህ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት መግቢያ ይዘልቃል፤ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቅጠል ሳይደርቅ ውሎ ያድራል። ቲማቲም ውሃ የሚወደው በእግሩ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ሲቆምበት ይታመማል። በመጀመሪያው ዓመት ግንቦት ላይ የተከልኳቸው ሃያ ሁለት እግሮች ሐምሌ ላይ አረንጓዴ ፍሬ እንዳንጠለጠሉ በስምንት ቀን ውስጥ ጠቁረው አለቁ። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀኔን አልቀይርም፦ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ችግኝ አፈላለሁ፣ በጥቅምት መጨረሻ አዛውራለሁ፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት እለቅማለሁ። ሁለተኛ ዙር የሚፈልግ ታኅሣሥ ላይ አፍልቶ ጥር ላይ ይትከል፤ ክረምቱ ሳይጠና ሚያዝያ ላይ ይደርስለታል።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። ለስልስ ሮማ ቪኤፍን ወይም መልካሳልሳን እተክላለሁ። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ የተወሰነ ቁመት ላይ ሲደርሱ ማደጋቸውን ያቆማሉ፣ ፍሬያቸውንም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አከታትለው ይሰጣሉ። የሮማው ፍሬ ሞላላ፣ ሥጋው ወፍራም፣ ዘሩና ውሃው ትንሽ ነው። ቁሌቱ ላይ ሲገባ ቶሎ ይከብዳል፣ ዘይቱም ፈጥኖ ይወጣል። መልካሳልሳ አዳማ አጠገብ ካለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ዝርያ ነው፤ ፍሬው አነስ ይላል፣ ብዛቱ ግን ያካክሰዋል። የእኛው መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ ስለሚቀራረብ ሰው ያምታታዋል፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። መልካሳ የሚዘንበው የጅማን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ እዚያ ያማረ ዝርያ ሁሉ እዚህ ክረምት ላይ ያምራል ብላችሁ አትጠብቁ፤ በበጋ ተክላችሁ በማጠጣት ግን እኩል ታደርጉታላችሁ።

ለሰላጣና ለቲማቲም ፍትፍት ማርግሎብ የሚተካው አላገኘሁም። አሜሪካ ውስጥ በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣ የቆየ ዝርያ ነው። ክብ ነው፣ ጭማቂ አለው፣ ጣፋጩና ኮምጣጣው ተመጣጥኗል፤ ከቃሪያና ከቀይ ሽንኩርት ጋር እንጀራው ላይ ሲፈስ ሌላ ማባያ አያስፈልገውም። ማርግሎብ ቁመተ ረጅም ስለሆነ ያለ ድጋፍ መሬት ላይ ይተኛል፣ የተኛ ፍሬ ደግሞ ይበሰብሳል።

ሦስተኛው ቼሪ የሚባለው እንደ ወይን ፍሬ የሚንዠረገገው ነው። ለወጥ አይመችም፣ ልጣጩ ይበዛል። ግን በእኔ ጓሮ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስና ከሁሉ ዘግይቶ የሚሞት እሱ ነው። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ወደ ጓሮ የሚሄዱት ለእሱ ነው።

ሱቅ ላይ እንደ ጋሊሊያ ያሉ ዲቃላ ዘሮችም ይሸጣሉ። ምርታቸው ጥሩ ነው፣ ዘራቸው ውድ ነው። ከፍሬያቸው ዘር አስቀርታችሁ ብትዘሩ ግን የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። ለጓሮ እኔ ዘሩን ራሴ የማስቀረውን እመርጣለሁ። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ማርግሎብ ተብሎ በወረቀት ተጠቅልሎ የተመዘነ ዘር ገዛሁ። ሦስት ወር አጠጥቼ፣ በእንጨት ደግፌ፣ የወጣው አጭርና ሞላላ የስልስ ቲማቲም ሆነ። ሦስት ወር አይመለስም። ዘር ስትገዙ የታሸገ፣ የዝርያው ስምና የማብቂያ ቀኑ የተጻፈበት ይሁን። አንድ ግራም ውስጥ ወደ 300 ፍሬ ዘር ስላለ ለጓሮ ትንሿ እሽግ ትተርፋለች።

ችግኙን በእንጨት ሣጥን ወይም ቂጡ በተበሳ የዘይት ጀሪካን ግማሽ ውስጥ አፍሉ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። ዘሩ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበር። ላዩን ደረቅ ሣር አልብሱት፣ በእጃችሁ እየረጫችሁ አርጥቡት። በስድስት ወይም በሰባት ቀን አንገቱን ማውጣት ሲጀምር ሣሩን በዚያው ቀን አንሱ፤ አንድ ቀን ካዘገያችሁ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ይቀጥናል። መስከረም መጨረሻ ላይ ገና ስለሚዘንብ ሣጥኑን ከቤቱ ጣሪያ ክፈፍ በታች፣ ብርሃን የሚያገኝበት አድርጉት። እያንዳንዱን ዓይነት ለየብቻ ዝሩና ስሙን በእንጨት ላይ ጻፉ። ችግኝ እያለ ሮማና ማርግሎብን በዓይን የሚለይ ሰው አላየሁም።

ችግኙ እስኪደርስ አፈሩን አዘጋጁ። የጅማ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፣ ግን ዝናቡ አጥቦት አሲዳማ ነው። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ ከአፈሩ ጋር አዋህዳለሁ፤ ከዚያ በላይ አላበዛም። ስለ ቡና ገለባ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ከተማው ሁሉ በእሱ የተሞላ ነውና። ጥሬውን ከአፈር ጋር አትቀላቅሉት። ሲበሰብስ ለተክሉ የሚሆነውን ናይትሮጅን ራሱ ይበላዋል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ከከብት እበትና ከእርጥብ ሣር ጋር እየደራረባችሁ፣ በየሦስት ሳምንቱ እያገላበጣችሁ ቢያንስ አምስት ወር አቆዩት። ጥቁር ሲሆንና የጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል። የእኔ ክምር የሚጀመረው ግንቦት ላይ ነው፤ ለጥቅምት ይደርሳል። ለአንድ ጉድጓድ በላሜራ ጣሳ ሁለት ጣሳ እሰጣለሁ።

ችግኙ አራት ወይም አምስት ሳምንት ሲሞላው፣ ሲበቅል ይዟቸው ከሚወጣው ሁለት ቅጠሎች ሌላ አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ይዛወራል። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ውሃውን ቀንሱለት፣ ለፀሐዩም በየቀኑ ጥቂት በጥቂት አለማምዱት። የምትተክሉት ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን። ግንዱን እስከ ታችኞቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበሩት፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል፣ ይህ ከቲማቲም ጥሩ ጠባዮች አንዱ ነው። በረድፍ መካከል አንድ ሜትር፣ ለሮማና ለመልካሳልሳ በእግር መካከል 40 ሴንቲ ሜትር፣ ለማርግሎብና ለቼሪ 60። የድጋፉን እንጨት ችግኙን ከመትከላችሁ በፊት አቁሙ፤ ሥር ከያዘ በኋላ እንጨት ብትመቱ ሥሩን ትቆርጡታላችሁ። እኔ ለማርግሎብና ለቼሪ ሁለት ሜትር የባህር ዛፍ እንጨት አቆምና ከእንሰቱ ባወጣሁት ቃጫ አስራለሁ። ቃጫ ግንዱን አይቆርጠውም፣ ወቅቱ ሲያልቅም ከተክሉ ጋር ይነቀላል። እስሩ ላላ ብሎ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይያዝ።

በብዙ ጓሮ የማየው ስሕተት ሁሉንም ዓይነት እኩል መግረዝ ነው። በቅጠሉና በግንዱ መገናኛ፣ በብብቱ ማለት ነው፣ የሚወጣ ቀንበጥ አለ። ማርግሎብ ላይ ይህን ቀንበጥ ጣት ሳይሞላ በእጅ ሰብራችሁ ጣሉት፤ አንድ ወይም ሁለት ግንድ ብቻ ይቅርለት። ቼሪን ሁለት ሦስት ግንድ ልቀቁለት። ሮማንና መልካሳልሳን ግን አትንኩ! ፍሬያቸው ያለው በእነዚያ ቅርንጫፎች ላይ ነው፤ የገረዘ ሰው ምርቱን ገረዘ። ለሁሉም የሚሆነው አንድ ነገር ቢኖር መሬት የሚነኩትን የታች ቅጠሎች ማንሳት ነው። ይህን ሁሉ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ሥሩ። ሲጋራ የነካ እጅ ደግሞ በሳሙና ይታጠብ፤ ከትምባሆ ወደ ቲማቲም የሚተላለፍ ቫይረስ አለ።

ውሃ በጠዋት፣ በእግሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ በሳምንት ሦስት ቀን ለአንድ እግር ሁለት ሊትር ያህል አጠጣለሁ። አንድ ቀን አጥለቅልቃችሁ ሳምንት ከረሳችሁት ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ወይም ቂጡ ጠቁሮ ይጎደጉዳል። ያ ጥቁረት ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየም እስከ ፍሬው አይደርስም፣ ሞላሎቹ ደግሞ ይብስባቸዋል። መድኃኒት ከመግዛት አጠጣጡን አስተካክሉ። የእንሰትና የሙዝ ደረቅ ቅጠል እግሩ ሥር መጎዝጎዝም እርጥበቱን ይይዛል።

ስለ በሽታ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፣ ተስፋ የሚያስቆርጠው እሱ ነውና። ሮማ ቪኤፍ የሚለውን ስም አይቶ "ይህ በሽታ አይዘውም" የሚል ሰው አለ። ሁለቱ ፊደሎች ቬርቲሲሊየምና ፉሳሪየም የተባሉ ከአፈር የሚነሱ ሁለት የፈንገስ በሽታዎችን እንደሚቋቋም ነው የሚናገሩት። በእኛ አገር ክረምት ቲማቲሙን የሚያጠፋው ምች የሚባለው በሽታ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ምች ሲገባ ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታያል፤ በማለዳ ቅጠሉን ብትገለብጡት ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ። ድንቹንም የሚገድለው ይኸው ስለሆነ ድንችና ቲማቲም አጎራብታችሁ አትትከሉ። ያያችሁትን ቅጠል በዚያው ሰዓት ቆርጣችሁ ከጓሮው አርቁት። ማንኮዜብ የሚባለውን የፈንገስ መከላከያ የምትረጩ ከሆነ ምልክቱ በስፋት ሳይታይ አስቀድማችሁ ነው፤ መጠኑንና ከመልቀም በፊት የሚጠበቀውን ቀን እሽጉ ላይ አንብቡ፣ አፍና እጃችሁንም ሸፍኑ።

ቅጠሉ ሳይገረጣ አረንጓዴ እንዳለ ድንገት በቀትር ከጠወለገና ማታ ካላገገመ አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። ግንዱን ከታች ቆርጣችሁ ጫፉን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ስቀሉት፤ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር በደቂቃዎች ውስጥ ከወረደ ባክቴሪያው ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነሥሩ ነቅላችሁ አስወግዱ፣ ያንን ቦታ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ቲማቲም፣ ድንች፣ በርበሬም ሆነ ቃሪያ አታሳዩት። እኔ በቦሎቄና በበቆሎ አፈራርቃለሁ። ቅጠሉን በሁለቱ ልጣጮች መካከል እየገባ ነጭ ገላጣ የሚያደርገው ትል ደግሞ ቱታ አብሶሉታ ነው፤ አገራችን የገባው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። የተነካውን ቅጠል በፌስታል ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ቀን አስጡት። ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉት።

ፍሬው ቂጡ ሮዝ መሆን ሲጀምር ብትለቅሙት ቤት ውስጥ በደንብ ይቀላል፣ ወፍም አይቀድማችሁም። ዝናብ ከመጣና አረንጓዴውን ማዳን ካለባችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር በቅርጫት ሸፍናችሁ አስቀምጡት። ክረምቱን ሙሉ ቲማቲም የሚያምረው ሰው ቼሪውን ብቻ፣ በትልቅ ጀሪካን ተክሎ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ የላስቲክ ጣሪያ ሥር ያቁመው። ባለቤቴ በአራት የቀርከሃ እንጨት ከሠራልኝ ዳስ ሥር ነሐሴ ላይ በየሁለት ቀኑ አንድ ሳህን እለቅማለሁ።

ለዘር የምትፈልጉትን ከጤነኛው እግር፣ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዘለላ ላይ ምረጡና ልል እስኪል ይብሰል። ዘሩን ከነጭማቂው በብርጭቆ አድርጋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀምጡት፤ ላዩ ሻጋታ ያበቅላል፣ የሚያዳልጠው ልባስ ይለቃል፣ ጤነኛው ዘር ወደ ታች ይዘቅጣል። አጥባችሁ ጥላ ውስጥ ሳህን ላይ አድርቁት፤ ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቃል። እኔ በደረቀ ማግስት በፖስታ አሽገዋለሁ፣ ላዩ ላይ ስሙንና የለቀምኩበትን ወር ጽፌ ምድጃው ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ እስከ መስቀል አኖረዋለሁ።