አክታዎን እንዴት ያነባሉ? ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት ሰው

ሐኪሙ «አክታህ ምን ይመስላል?» ሲል ብዙዎቻችን አፍረን «ያው ነው» ብለን እናልፋለን። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። አረንጓዴው ቀለም በአብዛኛው ከነጭ የደም ሴሎች የሚመጣ ነው፤ ሴሎቹ ተሰባብረው ሲሞቱ ውስጣቸው የነበረው ማይሎፐሮክሲዴዝ የተባለ አረንጓዴ ኢንዛይም ይፈሳል።

መቅኔያችን ኒውትሮፊል የተባሉትን እነዚህን ሴሎች በየቀኑ እስከ 100 ቢሊዮን ያመርታል። ዕድሜያቸው አጭር ነው። በጤነኛ ሳንባ ውስጥ ሳይፈነዱ ተሸብሽበው ይሞታሉ። ይህ አሟሟት እ.ኤ.አ. በ1972 አፖፕቶሲስ የሚል ስም ወጣለት፤ በግሪክኛ የቅጠል መርገፍ እንደማለት ነው። ከዚያ ማክሮፌጅ የሚባለው ትልቅ ሴል ሬሳውን ውጦ ያጸዳል፤ ሌሊት ጅብ የከተማውን ጥንብ እንደሚያነሳው መሆኑ ነው።

ለዓመታት የሲጋራ ወይም የማገዶ ጭስ የማገ ሳንባ ላይ ጅቡ ይደክማል። ያልተነሳው ሬሳ ይፈነዳል፣ ኢላስቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይፈስና ሳንባ እንዲለጠጥ የሚያደርጉትን ክሮች ይበላል። የሴሎቹ ዲኤንኤ ደግሞ አክታውን እንደ ተልባ ዝልግልግ ያደርገዋል። የተበላው ክር አይመለስም፤ ቤት ውስጥ የምንችለው ሬሳው እንዳይከማች መርዳት ነው።

መጀመሪያ የራስዎን ቀለም ይወቁ። ደህና በሆኑበት ሰሞን ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት በነጭ ሶፍት ላይ ተፍተው ቀለሙንና ብዛቱን ይጻፉ። አንዳንዱ ሰው ዘወትር ቢጫ ነው፤ ለእሱ ቢጫ አዲስ ነገር አይደለም። የሚፈለገው ለውጡ ነው።

ቀጥሎ አክታውን ማውጣት ይልመዱ። በኃይል መሳል የአየር ቧንቧውን ጨፍልቆ አክታውን እዚያው ሊያስቀረው ይችላል። ይልቅ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሦስት አራት ጊዜ በእርጋታ ይተንፍሱ። ከዚያ መጠነኛ አየር ወደ ውስጥ ስበው ሁለት ሦስት ሴኮንድ ያዙት፤ አፍዎን ከፍተው መስታወት በእስትንፋስ እንደሚያደበዝዝ ሰው «ሃ» እያሉ ይልቀቁት። ሁለት ሦስቴ ደጋግመው አክታው ወደ ላይ ሲመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳሉ። ካዞረዎት ያቁሙ።

የሚነፋ መድኃኒት (ፓፍ) ታዝዞልዎት ከሆነ ትልቁ ብክነት አጠቃቀሙ ላይ ነው፤ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በፓፉና በአፍዎ መካከል የሚገባው ማቀባበያ (ስፔሰር) ከተወደደብዎት የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ይበቃል። ፕላስቲኩን አጥበው ያድርቁ፣ ቂጡን በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ይብሱት፣ ፓፉን አስገብተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ። ፓፉን ነቅንቀው፣ አየርዎን አስወጥተው፣ የጠርሙሱን አፍ በከንፈርዎ ከበው አንዴ ይጫኑ፤ በዝግታ በጥልቀት ስበው እስከ 10 ሴኮንድ ያዙት። ሁለተኛው ከታዘዘ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። መድኃኒቱ ስቴሮይድ ካለበት አፍዎን ይጉመጥመጡ። የዱቄት ፓፍ ግን በጠርሙስ አይሆንም።

ጭሱን ሳይቀንሱ ይህ ሁሉ በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ሲጋራ መተው ቅድሚያውን ይይዛል፤ ዘግይቶም ቢሆን የሳንባውን ውድቀት ያዘገያል። ቤት ውስጥ ረጅሙ ጭስ የእንጀራ ጋገራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ «ምርጥ» እንደሚባለው ያለ ዝግ የእንጀራ ምድጃ ጭሱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ እንጨቱ ይድረቅ፣ ጋገራው ከቤት ውጪ ወይም ፊት ለፊት ክፍተት ባለበት ይሁን፣ የታመመው ሰው እሳቱ አጠገብ አይቀመጥ። ቡና አይፈላ አላልኩም፤ ከሰሉና ዕጣኑ ግን በረንዳ ቢወጡ ጣዕሙ አይቀንስም።

የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባት ካለ ይከተቡ፤ እያንዳንዱ ኢንፌክሽን ሌላ የኒውትሮፊል ጎርፍ ይጠራል።

አክታው ከወትሮው በዝቶ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ተለውጦ፣ ትንፋሹም ካጠረ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሐኪም ይዩ። ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አይዋጡ። ሳሉ አዲስ ሆኖ ሁለት ሳምንት ካለፈው ወይም ደም ካለው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። ከንፈር ከጠቆረ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መጨረስ ካቃተ፣ ወይም በሽተኛው ግራ ከተጋባና ከፈዘዘ ጠርሙሱንም ሶፍቱንም ትተው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።