ልብ ትር ትር ሲል ታውሪን መዋጥ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ትዕግሥቴን የጨረሰው ስህተት ምርመራን መዝለል ነው። ሰው ልቡ ትር ትር ሲልበት ከዲሲ የተላከለትን የታውሪን (በሥጋና በዓሣ ውስጥ የሚገኝ፣ እንደ ማሟያም የሚሸጥ ንጥረ ነገር) ጠርሙስ ይዞ ፋርማሲ ይመጣል። «በቀን ስንት ልውሰድ?» ይለኛል። ኢሲጂ (የልብ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሥተው ያውቃሉ ስል ዝም። አንዲት እናት እንዲሁ ሲመጡ የእጃቸውን ምት ዳበስኩ። ሁለት ፈጠን፣ አንድ ዘግየት፣ ከዚያ ሦስት ተከታትሎ፤ ምንም ሥርዓት የለውም። «እማማ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይይዎት» አልኳቸው። «ልጄ ስንት ብር አውጥታበት!» ብለው ተቆጡኝ። እኛ አገር በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በር የሚያበላሸው ሩማቲክ በሽታ ብዙ ነው። በሩ ሲጠብ ምቱ ይዛባል፤ ደም ልብ ውስጥ ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ታውሪን ይህን አያቆምም። የደም ማነስና የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትም ልብ ያስመታሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው።

«ጥናት አለ እኮ» የሚሉኝም አሉ። አለ። በ2006 የወጣ ጽሑፍ በቀን ከ10 እስከ 20 ግራም ታውሪን፣ አርጂኒን የሚባል ሌላ ማሟያ ሲታከልበት፣ የተዛባ ምት አስተካከለ ይላል። በስንት ሰው? በሦስት። ማነጻጸሪያ እንኳን የለውም። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት ሃርት አታክ ለደረሰባቸው ሰዎች አርጂኒን ተሰጠ። ከወሳጆቹ 6 ሞቱ፤ ካልወሰዱት አንድም። ሃርት አታክ ያገኘው ሰው ከአርጂኒን ይራቅ።

ሐኪም ያዘዘውን የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል፣ ጥሎ በታውሪን መተካት? በፍጹም። በድንገት ሲቆም ልብ ይብስበታል።

ኢነርጂ ድሪንክ ጠጥቶ «ታውሪኑ ነው ያስመታኝ» ማለትም አለ። በብዙዎቹ 250 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ውስጥ 1 ግራም ገደማ ታውሪን፣ 80 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ። መጀመሪያ ካፌይኑን ጠርጥሩ፤ በተለይ ቡና ከደረባችሁበት።

ጾመኞች ደግሞ «ሥጋ አልበላም፣ ታውሪን ያንሰኛል» ይላሉ። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ከምግብ ካላገኘች ልቧ የሚጎዳው ድመት ናት።

ታውሪንን ለፈተና ይረዳናል ብለው የሚገዙት ልጆች ያሳዝኑኛል። በ2023 ታውሪን የአይጦችን ዕድሜ አራዘመ ተባለና ወሬው አገር አዳረሰ። በ2025 የወጣው ጥናት ግን በሰው ደም ውስጥ ታውሪን ከዕድሜ ጋር ሁሌ እንደማይቀንስ አሳየ፤ ይህን ማንም አላወራውም። ልቡም የሚመታበት፣ ሐሳቡም የሚበተንበት ተማሪ የደም ማነስ እንዳለበት ለማወቅ ሄሞግሎቢኑን ይለካ። ሐኪም ጋ ሲሄድም ጠርሙሱን ይዞ ይሂድ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ካፌይን አለ።