ጅቡን ፈረስ አታድርጉት፦ የዱር እንስሳ ስንስል የምናበላሻቸው ነገሮች

ሐረር ውስጥ ሥዕል በተሰቀለበት ሁሉ ጅብ አይጠፋም። ፈረስ መጋላ አካባቢ ያሉ ሱቆች ውስጥ አለ፣ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ አለ፣ የካፌ ግድግዳ ላይ አለ። ችግሩ አብዛኛው ጅብ አለመሆኑ ነው። ነጥብ የተረጨበት ፈረስ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣት ሠዓሊዎች ሥራቸውን ይዘው ይመጡልኛል። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ሸራው ገና ሳይገለጥ ግን ጀርባው ሜዳ የሆነ ጅብ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ሁሌ አንድ ነገር እየደጋገምኩ አፌ ከሚዝል ልጻፈው ብዬ ነው።

የጅብ ጀርባ

ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ዙሪያ የምናየው ጅብ ባለ ነጥቡ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ። ስለዚህ ጀርባው ከትከሻው ይነሳና ወደ ዳሌው ቁልቁል ይወርዳል። አንገቱ ወፍራም ነው፣ ጭንቅላቱ ከባድ ነው፣ ጉልበቱ ያለው ከፊት ነው። ይቺ ቁልቁለት ከጠፋች ጅቡም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ጥርስ ብትደረድሩለት፣ ነጥብ ብታዘንቡበት አይመለስም።

«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» እንላለን አይደል? ይህን ተረት ያወጣ ሰው ጅብ ሲራመድ በደንብ አይቷል። ኋላው ዝቅ ስለሚል ምንም ሳይሆን የሚያነክስ ይመስላል። ተንኮለኛ የሚለው ስም የተለጠፈበት ከዚህ አረማመዱ የተነሳ ይመስለኛል። ጀርባውን ደልድላችሁ ስታበቁ «ተንኮሉን ነው የሳልኩት» ብትሉኝ አልሰማችሁም። ተንኮሉ ያለው አጥንቱ ላይ ነው፣ ጥርሱ ላይ አይደለም።

ስህተቱ የሚመጣው ከፎቶ ነው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲቀለብ ቱሪስቱ እንደቆመ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በፍላሽ ያነሳል። ከላይ ሲታይ ቁልቁለቱ ይጠፋል። ፍላሹ ደግሞ ጥላውን ይበላዋል። ልጁ ያንን ፎቶ ስልኩ ላይ አጉልቶ ይገለብጣል። አቦ፣ እንስሳው እኮ እዚሁ ነው! የባጃጅ ክፈሉና ሂዱ። ቁጢጥ በሉ። ዓይናችሁን ከትከሻው እኩል አድርጉ። በእርሳስ አንድ መስመር ብቻ ጣሉ፣ ከጆሮው እስከ ጭራው። ደጋግሙት። ነጥቡን ለነገ አቆዩት።

ጆሮውም ክብ ነው። ሹል ጆሮ፣ ረጅም የጀርባ ጎፈርና ጎኑ ላይ ቁም መስመር ያለው ሌላ የጅብ ዝርያ ነው፤ እሱም በአገራችን አለ። ሁለቱን ደባልቀው፣ ነጥብና ሹል ጆሮ አንድ ላይ ያደረጉ ሥዕሎች ግን በገበያ ሞልተዋል። እንዲህ ያለ እንስሳ የለም።

ነጥቡ ጥቁር አይደለም። ጥቁር ቡኒ ነው፣ ጠርዙም ፀጉሩ ውስጥ ይሟሟል። ጅቡ ሲያረጅ ነጥቡ ይደበዝዛል። ከቱቦ የወጣ ጥቁር ቀለም እንዳለ የምትለጥፉ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ። በርንት አምበር የሚባለውን ጥቁር ቡኒ ቀለም ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ደባልቁት፤ ሕይወት ያለው ጥቁር ይወጣችኋል።

ሌላም አለ። በልጅነታችን የሰማናቸው ተረቶች ሁሉ አያ ጅቦ ስለሚሉ፣ መንጋ ስትስሉ ከፊት የምታቆሙት ግዙፍ ወንድ ነው። ባለ ነጥቡ ጅብ ዘንድ ግን ትልቋ ሴቷ ናት። መንጋውን የምትመራውም እሷው ናት። አያ ጅቦ ወደ ኋላ ይበል።

የሚበራ ዓይን

ከጅብ ዓይን ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለ። ዓይኑ የሚያብለጨልጨው መብራት ሲያርፍበት ነው። ከራሱ ብርሃን አያወጣም። ስለዚህ ሥዕሉ ውስጥ ባትሪ፣ የባጃጅ መብራት ወይም እሳት ከሌለ ዓይኑን አታብሩት። መብራቱ ካለ ደግሞ በተመልካቹ በኩል ይሁን፤ ብርሃኑ ወደ መጣበት ነው የሚመለሰው። ጅቡ ከጨረቃ በታች ቆሞ፣ ጨረቃዋ ከጀርባው ሆና፣ ዓይኑ እንደ ትራፊክ መብራት ቀይ የሚሆንበት ሥዕል ከፊልም የተለቀመ ነው።

የማን ጅብ ነው?

እዚህ ላይ እቆጣለሁ።

በብዙ የደጋ አካባቢ ጅብና ቡዳ አብረው ነው የሚነሱት። ጅብ የሌሊት ክፉ ነው፣ ሰው ወደ ጅብ ይለወጣል ይባላል። ሐረር ሌላ ነው። የጁገል ግንብ ራሱ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው፤ ዋራባ ኑዱል ይሉታል። ጅቡ ሌሊት ገብቶ የወደቀውን አጥንትና ትርፍራፊ ያጸዳል። ጂን ይውጥልናል የሚሉም አሉ። በአሹራ ቀን ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብለትና እንዴት እንደበላው ታይቶ የዓመቱ ዕጣ ይገመታል። እንግዲህ በዚህ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ፣ አፉ ደም የሚያንጠባጥብ ጅብ ከመቃብር ላይ አቁሞ «የሐረር ጅብ» ብሎ የሚሸጥ ሠዓሊ ምን ይባላል?

አንድ ወጣት ለአንድ ካፌ እንዲህ ያለውን ግድግዳ ሙሉ ስሎ ጨረሰ። አሳሳሉ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። የባለቤቱ እናት ገብተው ለረጅም ጊዜ አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ከየት አገር የመጣ ነው? የኛው እኮ ሌሊት ደጃችንን ነው የሚያጸዳው» አሉት። ግድግዳው በማግሥቱ ኖራ ተቀባ። የቀለሙንም የጉልበቱንም ዋጋ የከፈለው የለም።

የጭንቅላቱ አቅጣጫም ትርጉም አለው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን አሳሳል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሰዉ ሕጉን ባይማረውም ዓይኑ ለምዶታል። ጅቡን በጎን ስላችሁ አንድ ዓይን ብቻ ስትሰጡት፣ ከጎንደር የመጣ እንግዳ ገና ከሩቁ ክፉ አድርጎ ያነበዋል። የከተማው ወዳጅ ሆኖ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሱት። አንዲት አንገት የማዞር ሥራ ናት።

አንበሳ

ጎፈሩን ቢጫ አታድርጉት። ያ ከውጭ ፊልም የመጣ አንበሳ ነው። የኢትዮጵያ አንበሳ የሚታወቀው በጥቁር ጎፈሩ ነው። አዲስ አበባ አንበሳ ግቢ የነበሩትን አንበሶች ያጠኑ ሳይንቲስቶች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ ሆነው አግኝተዋቸዋል። የወንዶቹ ጎፈር ጠቆር ያለ ነው፣ ወደ ደረትና ወደ ሆድም ይወርዳል። ሌላው የዓይኑ ብሌን ነው። የቤት ድመት ብሌን በብርሃን ጊዜ ቀጭን ስንጥቅ ይሆናል። የአንበሳ ግን ክብ ነው። ስንጥቅ ብሌን ያለው አንበሳ ትልቅ ድመት ሆኖ ይቀራል።

ትርጉሙ ላይ ደግሞ ረጋ በሉ። አንድ ልጅ አንበሳ ብቻ ላዘዘው ሰው ዘውድና ባንዲራ መርቆ ሳለለት። ስጦታ መሆኑ ነው። ደንበኛው ጨዋ ሰው ነው፣ «እኔ ያዘዝኩት አንበሳውን ነበር» ብሎ መለሰለት። ልጁ ተናዶ መጣ። እኔ ግን ደንበኛው ገባኝ። ዘውድ የደፋው አንበሳ ለአንዱ የይሁዳ አንበሳ ነው፣ የአገር ክብር ነው። ለሌላው፣ በተለይ እዚህ ከተማ፣ ምኒልክ ከተማዋን የያዙበትን 1879 ዓ.ም.ን፣ የጨለንቆን ጦርነትና የሐረርን አሚሮች ፍጻሜ ያስታውሳል። አንበሳው ራሱ ማንንም አያስቀይምም፤ የነቢዩ አጎት ሐምዛም የአላህ አንበሳ ይባላሉ። ዘውዱ ነው ጥያቄ የሚያስነሳው። ሳትጠይቁ አትጨምሩ። ሥዕሉ የት እንደሚሰቀልም ጠይቁ፤ በሚሰግድበት ክፍል ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል የማይፈልግ ደንበኛ ብዙ ነው።

ለቤተ ክርስቲያን የምትስሉ ደግሞ የአራቱን ወንጌላውያን ምልክት አታደባልቁ። ማቴዎስ ገጸ ሰብእ (የሰው መልክ)፣ ማርቆስ አንበሳ፣ ሉቃስ ላም፣ ዮሐንስ ንስር ነው። ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አጠገብ ያሉት አንበሶችና ነብሮችም አያገሱም። የታሪኩ ቁም ነገር አብረዋቸው በሰላም መኖራቸው ነው። አፋቸውን ከፍታችሁ ጥርስ ስታሳዩ ታሪኩን ገለበጣችሁት።

ዝሆን

ባቢሌ ጎረቤታችን ነው። የዝሆን መጠለያው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው የተቋቋመው። እኛ ግን የሕንድ ዝሆን እንስላለን! ጆሮው ትንሽ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ግንባሩ ሁለት ጉብታ ያለው የእስያው ነው። የእኛ ጆሮው ሰፊ ነው፣ ጀርባው መሃል ላይ ይሰረጉዳል። የኩምቢውም ጫፍ ሁለት ጣት አለው፣ የእስያው አንድ ነው። ኩምቢውን ወደ ላይ ያነሳ ዝሆን ዕድል ያመጣል የሚባለውም ከሩቅ የመጣ ልማድ ነው። ማሳው በዝሆን ለተረገጠበት የባቢሌ ገበሬ ይህን ሥዕል ወስዳችሁ ዕድል ነው በሉትና ምን እንደሚላችሁ ስሙ።

ነብርና አቦሸማኔን የምታምታቱ፦ የነብር ነጥብ መሃሉ ክፍት የሆነ አበባ መሰል ክብ ነው፣ የአቦሸማኔ ድፍን ነው፣ ከዓይኑ እስከ አፉም ጥቁር መስመር አለው።

ዋልያን ወይም ቀይ ቀበሮን ከድሬዳዋ ቁልቋል ሥር የምታቆሙ፦ ሁለቱም የከፍተኛ ተራራ እንስሳት ናቸው።

ድሬ ላይ ሁለት ሻኛ ያለው ግመል ግድግዳ ላይ አይቻለሁ። ግመል በየቀኑ በሚታይበት ከተማ! ስለዚህ ሌላ አልናገርም።

ዝንጀሮው

ይሄን ሳይነኩት ማለፋቸው ያሳዝነኛል። በድሬዳዋ ዙሪያ ድንጋያማ ኮረብታዎች ላይ የሚኖረው ዝንጀሮ እጅግ ያማረ ነው። ወንዱ ከትከሻው የሚወርድ ብርማ ግራጫ ጎፈር አለው፣ ፊቱ ሮዝ ነው። ሴቷ ቡኒ ናት፣ በቁመናም ከእሱ በጣም ታንሳለች። የጥንት ግብፆች የጽሕፈትና የጥበብ አምላካቸውን ቶትን በዚህ ዝንጀሮ መልክ ይስሉት ነበር። ዝንጀሮው ደግሞ ከእነሱ አገር አልነበረም፤ ከአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ነበር የሚያስመጡት። እኛ ግን ለመሳቂያ ብቻ ነው የምንስለው፣ እሱንም ዛፍ ላይ ሰቅለን፣ አንዳንዴ የጭላዳን ቀይ ደረት ለጥፈንበት። የሚያድረው ገደል ላይ ነው። «በመጀመሪያ መቀመጫዬን» ያለችውን ዝንጀሮ አትርሱ፤ መጀመሪያ ድንጋዩን ሳሉ፣ ከዚያ እሱን አስቀምጡት።

ነጭ ራስ ያለው ንስር

የመጨረሻው። የፀጉር ቤትና የጂም ግድግዳ ላይ የሚሳለው ነጭ ራስ፣ ቢጫ ምንቃርና ጥቁር ቡኒ ደረት ያለው ንስር የአሜሪካ ምልክት ነው። ነጭ ራስ ካማራችሁ የእኛ ሐይቆች ላይ ዓሣ አዳኙ ንስር አለ፣ የእሱ ደረቱም ነጭ ነው። ሐረርን መሳል ከፈለጋችሁ ግን የከተማው ወፍ ጭልፊቱ ነው። ጭራው መሃል ላይ ገባ ያለ ነው፣ ሲታጠፍ እያጣመመው ነው የሚቀዝፈው። ይህን ለማየት ጊድር መጋላ ሥጋ ተራ አጠገብ ግማሽ ሰዓት መቆም ይበቃል። ሳምቡሳ ይዛችሁ ከሆነ ግን ሸፍኑት፣ ከእጃችሁ ነው የሚነጥቀው።