አሮጌ ቤት ልታድሱ ነው? መጀመሪያ ሲሚንቶውን ወደ ጎን ተዉት

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ አንድ የድሮ ቤት እይልኝ ተብዬ ሄድኩ። ገና ከበሩ ላይ ገባኝ። የጭቃው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሲሚንቶ ተለስኗል። ባለቤቷ ደግሞ ደስ ብሏቸው "አጠናከርነው እኮ!" ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ቡናቸውን ጠጥቼ ወጣሁ። ንዴቴ ስላልወጣልኝ አሮጌ ቤት ማደስ ለምትጀምሩ ልጆች ይሄን ልጻፍላችሁ።

ሲሚንቶ። ተናግሬ ተናግሬ አፌ ደረቀ። የጭቃ ቤት ይተነፍሳል፤ በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ቤትም እንደዚያው። ክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በጋ ሲመጣ ይተፋዋል። ሲሚንቶ ግትር ነው፣ ከጭቃው ጋር አብሮ አይላወስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ግን መውጫ የለውም። ውስጥ ያለው ቋሚና ማገር እዚያው ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ቤቱ ግን ከውጭ ሲያዩት ሙሽራ መስሏል! "የዶሮ ሽቦ መትተን ነው የለሰንነው" የሚሉኝም አሉ። ሽቦውም ይዝጋል፣ በቃ።

እኔስ? እኔም አድርጌዋለሁ። ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አንድ ሽማግሌ ለሳኝ "ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ የሚወደው ጭቃና ጭድ ነው" ሲሉኝ፣ እሺ ጋሼ ብዬ ሲሚንቶዬን አዘዝኩ። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ ጭቃውን ይዞ እንደ ቅርፊት ወረደ። ጥግ ላይ ያለውን ቋሚ በጣቴ ብነካው እንደ በሶ ተበተነ። ጥድ ነበር እኮ፣ ምስጥ እንኳ የማይደፍረው ጥድ! ጋሼ ተመልሰው መጥተው አንድም ቃል አልተናገሩም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡኩት፣ እስኪብላላ አቆዩት፣ ለስኑት፣ ሲደርቅ ላዩን ኖራ ቀቡት። ኖራው በየጊዜው ይታደሳል፣ አዎ፣ ሥራ አለው።

ከግድግዳው በፊት ግን ውሃውን ፈልጉ። አሸንዳው ተቀዷል? መንገዱ በአስፋልት ላይ አስፋልት ሲደረብበት ከቤቱ ወለል በላይ ወጥቷል? እሱን ሳታስተካክሉ የምትለስኑት ልስን ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ማዕዘኑን 90 ዲግሪ ነው ብላችሁ አትሳሉ። አይደለም። ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ለኩት።

ፈቃድ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ የግንባታ ፈቃድ ብቻ አይበቃችሁም፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑም መፍቀድ አለበት። ሥራ ጀምሮ መቆም ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ጣሪያው ተገልጦ ሰኔ ገባ።

የኤሌክትሪክ ገመድ በኮርኒስና በጣውላ ወለል መሃል እንደ ድሮው አትተዉ። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ሲነድ አይተናል፤ የእንጨት ቤት እሳት ከያዘው ጊዜ አይሰጥም።

አሁን ደግሞ ሌላው የሚያናድደኝ። የቤቱን ፊት አስቀርቶ ሆዱን ማውጣት። ደረጃው፣ የእንጨቱ በረንዳ፣ የጓሮ መተላለፊያው ተጠርጎ ከኋላ ብሎኬት ይገባና "ታሪካዊ ቤት አደስን" ይባላል። ጭምብል ነው ያደሳችሁት። ሰፈሩን ስታድሱም ያው ነው። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ጠጋኝና ቡና ቤት ወጥቶ ሁሉም መስታወት ከሆነ፣ ሰው ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል እንጂ ማን ይቀመጣል?

ሰው ካልኩ አይቀር፣ ፕላን ከመሳላችሁ በፊት ነዋሪዎቹን አናግሩ። በ1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ብዙ ትልልቅ ቤቶች በችፑድ እየተከፋፈሉ ለብዙ አባወራ ሆነዋል። የትኛው ግድግዳ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ የትኛው በኋላ እንደመጣ በስዕል አታገኙትም። እዚያው 40 ዓመት የኖሩ አንዲት እማማ ግን የቱ ጋ እንደሚያፈስ ሳይቀር በጣታቸው ያሳዩዋችኋል። ብቻ ቆማችሁ አትጠይቁ፣ ተቀመጡ።

የፒያሳዋን ባለቤት ትናንት ደወልኩላቸው። ትንሽ ተቆጡ፣ ከዚያ እሺ አሉ። ሰኞ ከበሩ ጀርባ ያለውን ጥግ እንፈለፍላለን። ቋሚው በሶ እንዳይሆንብኝ እየጸለይኩ ነው።